ትራንስጀንደር ሴት በታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ፦ የአጻጻፍ መመሪያ

ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ለአንባቢው ሁለት ቃል ይገባል። የመጀመሪያው ያለፈው ዘመን እንደ ዘመኑ ሆኖ እንደሚቀርብለት፣ ሁለተኛው ደግሞ የተዋደዱት ሰዎች መንገዱ የቱንም ያህል ቢረዝም በመጨረሻ አብረው እንደሚሆኑ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ትራንስጀንደር ሴት፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች ሴት ስትሆን እነዚህ ሁለት ቃሎች የሚጋጩ የሚመስላቸው ጸሐፊዎች አሉ። ዘመኑን በእውነት ከጻፍኩ ፍጻሜው ሐዘን መሆን አለበት፣ ፍጻሜውን ደስታ ካደረግሁ ደግሞ ታሪክን ዋሸሁ ብለው ይሠጋሉ። ይህ መመሪያ ሥጋቱ መሠረት እንደሌለው በማሳየት፣ እንዲህ ያለው ልብ ወለድ ከጥናቱ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ እንዴት እንደሚሠራ ይገልጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዕር ከመነሳቱ በፊት የልብ ወለዱ ጥያቄ ምን እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል። «በእርግጥ ሴት ናት ወይስ አይደለችም?» የሚለው ጥያቄ የታሪኩ ማንጠልጠያ ከሆነ፣ ባለታሪኳ የራሷ ሕይወት ባለቤት መሆኗ ቀርቶ የሌሎች ሰዎች እንቆቅልሽ ትሆናለች። ስለዚህ ሴትነቷ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያደረና ያለቀ ጉዳይ ይሁን። አንባቢውን ማስጨነቅ ያለበት ሌላው ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ያውቀኝና ይወደኝ ይሆን? ቢወደኝስ ከእኔ ጋር ለመኖር ምን ይተዋል? እኔስ ይህን ያህል ጊዜ ብቻዬን ከቆየሁ በኋላ መወደድን እሺ ብዬ መቀበል እችላለሁ? ለዚህም ሲባል አንባቢው ማንነቷን ከሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ቀድሞ ማወቅ አለበት። ከአንባቢ ተደብቆ ድንገት የሚገለጥ ምስጢር የአንድ ገጽ ድንጋጤ ብቻ ያስገኛል፤ አንባቢው የሚያውቀው ወዳጇ ግን የማያውቀው ምስጢር ብዙ ምዕራፎችን ይሸከማል። ከዚህም በላይ ትራንስጀንደር የሆነች አንባቢ የራሷን ሕይወት እንደ አስደንጋጭ ዜና ተጽፎ ስታገኘው መጽሐፉን የምትዘጋው በዚያው ገጽ ላይ ነው።

መዛግብትን እንዴት እናንብብ

እንዲህ ያሉ ሴቶች በጥንቱ ዘመን ነበሩ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከሁሉ በፊት የሚያገኘው በፍርድ ቤት መዛግብት ውስጥ ነው። በለንደን የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ከ1674 እስከ 1913 የታተሙት የችሎት ዘገባዎች ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ፤ ለዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ከእነርሱ የሚበልጥ የቃላት፣ የልብስና የሰፈር ኑሮ ምንጭ ማግኘት ያስቸግራል። በ1732 የታየ አንድ የዝርፊያ ክስ ጥሩ ማሳያ ነው። ከሳሿ በመዝገቡ ላይ ጆን ኩፐር ተብላ የተጻፈች፣ በሰፈሩ ግን ልዕልት ሴራፊና እየተባለች የምትጠራ ሰው ስትሆን፣ ልብሴን ገፈፈኝ ብላ አንድን ሰው ከሰሰች። ተከሳሹ በነጻ ተለቀቀ። ለጸሐፊ የሚጠቅመው ግን ከፍርዱ ይልቅ የምስክሮቹ ቃል ነው። በድሩሪ ሌን መጠጥ ቤት የነበራት አንዲት ምስክር፣ ልዕልቲቱ ብዙውን ጊዜ ነጭ ቀሚስና ደማቅ ቀይ ካባ እንደምትለብስ፣ ፀጉሯን በግንባሯ ዙሪያ ጠቅልላ እንደምትሠራ፣ ማራገቢያዋን እያርገበገበች እጅ እንደምትነሳ፣ ከመኳንንት ጋር መጨፈር እንደምትወድ ዘርዝራ፣ ከልዕልት ሴራፊና ሌላ ስም እንዳላት ግን ሰምታ እንደማታውቅ ለችሎቱ ተናገረች። በዚህ ምስክርነት ውስጥ ጎረቤቶቿ በስሟ የሚጠሯት፣ ልብስ የምትዋዋስ፣ የምትታወቅና የምትኖር ሴት አለች፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከዚህ ሊወለድ ይችላል።

መዝገብ ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱ የጻፈው ሰው ድምፅ፣ ሌላው የተጻፈባት ሴት ድምፅ ነው። በ1836 በኒው ዮርክ በኪስ ቦርሳ ስርቆት የተከሰሰችውን ጥቁሯን ሜሪ ጆንስን ጋዜጦች በፌዝ ነው የዘገቧት፤ በችሎቱ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው ሰው ሠራሽ ፀጉሯን ነጥቆ ሕዝቡን አሳቀባት፤ መልኳን የሚያሳየው የታተመ ሥዕልም ጭራቅ የሚል ስም ተሰጠው። እርሷ ግን የሴት ልብስ ለምን እንደለበሰች ስትጠየቅ፣ አብረዋት የነበሩት ሴቶች በዚህ ልብስ ይበልጥ ታምሪያለሽ እንዳሏት፣ በኒው ኦርሊንስም ሆነ በጥቁር ወገኖቿ ግብዣ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ለብሳ እንደምትገኝ መለሰች። ፌዙ የዘጋቢው ነው፤ መልሱ የእርሷ ነው። ጸሐፊው ማስታወሻ ሲይዝ እነዚህን ሁለት ድምፆች በሁለት ዓምድ ለይቶ ቢጽፍ፣ ከመጀመሪያው ዓምድ ዘመኑ የሚያደርስባትን ጫና፣ ከሁለተኛው ደግሞ የገጸ ባሕርይዋን ነፍስ ያገኛል። ሁለቱን ሳይለዩ መቅዳት ግን የዘመኑን ንቀት በራስ ብዕር መድገም ነው።

ከመዛግብቱ ሁሉ ለፍቅር ልብ ወለድ ይበልጥ የሚያበረታታው የሸቫሊየ ዴዮን ሕይወት ይመስለኛል። በ1728 በፈረንሳይ ተወልዳ የድራጉን (የፈረሰኛ) ጦር ሻምበል፣ የንጉሡ የምስጢር ወኪልና ዲፕሎማት ሆና አገለገለች። ጾታዋ በለንደን የውርርድ ገበያ ሆኖ፣ በ1777 በዳኛው በሎርድ ማንስፊልድ ችሎት ላይ በውርርድ ገንዘብ ምክንያት በተነሣ ክርክር ሴት ናት ተባለ። በዚያው ዓመት ሉዊ 16ኛ ሴት መሆኗን ተቀብሎ የሴት ልብስ እንድትለብስ አዘዘ፤ እርሷ ግን የወታደር ልብሷን ለማስቀረት ተከራክራለች። በ1785 ወደ ለንደን ተመልሳ ቀሚስ ለብሳ በሰይፍ ግጥሚያ ሕዝብ ፊት ትቀርብ ነበር፤ የመጨረሻ ዓመታቷን ከአንዲት ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር ኖራ በ1810 ሞተች። ከሞተች በኋላ ነው ገላዋ ተመርምሮ እንደ ወንድ የተመዘገበው። ጸሐፊው ከዚህ ሕይወት አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ከ30 ዓመት በላይ አደባባይ እያወቃት በሴትነት የኖረች ሰው በዚያ ዘመን ነበረች። «በዚያ ጊዜ ይህ ሊሆን አይችልም» ለሚል አንባቢ ይህ በቂ መልስ ነው።

መቼት፣ ሕግና ሰነድ

መቼት ሲመረጥ ከቀሚሱና ከቤተ መንግሥቱ በፊት ሕጉን መመርመር ይገባል፤ ምክንያቱም በዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ውስጥ ሕጉ ራሱ የግጭት ምንጭ ነው። እንግሊዝን እንውሰድ። የሰው ልደት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው በ1837 ነው፤ ከዚያ በፊት ዋናው ማስረጃ የደብሩ የጥምቀት መዝገብ ነበር። ስለዚህ በ1810 ከተወለደችበት ደብር ርቃ አዲስ ስም ይዛ የምትኖር ሴት፣ ማንነቷ የሚረጋገጠው በመታወቂያ ወረቀት ሳይሆን በአደራ ደብዳቤና በሚያውቋት ሰዎች ቃል ነው። ይህ ለልብ ወለድ ትልቅ ስጦታ ነው። ለእርሷ ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው ማን ነው? አሮጊት አክስት ናት ወይስ ቀድሞ የሠራችበት ቤት እመቤት? ያ ሰው ቢሞት ወይም ቢጣላትስ? የአንድ ወዳጅ ታማኝነት በዚህ ዘመን ሕይወት ያቆማል፣ ሕይወት ያፈርሳል።

በ1753 የወጣው የጋብቻ ሕግ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ፣ ከአይሁድና ኩዌከር ከሚባሉት የክርስቲያን ወገን በቀር፣ ጋብቻ የሚጸናው በቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም፣ ያውም በሦስት እሑዶች ታውጆ ወይም በፈቃድ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ደነገገ። አዋጁ የሚነበበው ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲናገር ነው፤ ስለዚህ ሦስቱ እሑዶች ለጸሐፊው ሦስት የጭንቅ ትዕይንቶች ናቸው። ሕጉ በስኮትላንድ አይሠራም ነበር፤ ጥንዶች በድንበሩ ላይ ወዳለችው የስኮትላንድ መንደር ወደ ግሬትና ግሪን ይኮበልሉ የነበረውም ለዚህ ነው። ከገንዘቡም ወገን፣ በ1882 የወጣው ሕግ እስኪመጣ ድረስ ያገባች ሴት ንብረት በመሠረቱ በባሏ እጅ ይገባ ነበር፤ የመኳንንት ማዕረግና ርስት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለወንድ ወራሽ ይተላለፋል። እንግዲህ በወረቀት ላይ የበኩር ወንድ ልጅ የሆነች ሴት ራሷን ሆና ለመኖር ስትወስን መሬትን፣ ማዕረግንና የፍርድ ቤት መብትን በአንድ ጊዜ ትተዋለች። ይህን ዋጋ በቁጥርና በስም ዘርዝሮ ማሳየት፣ ስለ ሴትነት ረጅም ንግግር ከማናገር እጅግ ይበልጣል።

የሞት ቅጣቱም መዘለል የለበትም። በወንዶች መካከል ለሚደረግ ግንኙነት በ1533 በሕግ የተደነገገው የሞት ቅጣት፣ ሕጉ በ1828 በሌላ ቢተካም፣ እስከ 1861 ቆይቷል፤ በዚህ ወንጀል የመጨረሻዎቹ ሰዎች የተሰቀሉት በ1835 ነው። ፍርድ ቤት ባለታሪኳን እንደ ወንድ ስለሚያያት ወንድ ወዳጇም በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ይወድቃል። ሕጉ የሚቀጣው ግን ድርጊትን እንጂ ልብስን አልነበረም፤ ልብስን ራሱን በደንብ የከለከሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ከተሞች ናቸው፤ ኮሎምበስ በ1848፣ ሳን ፍራንሲስኮ በ1863። ፈረንሳይ በአንጻሩ በ1791 ባወጣችው የወንጀል ሕግ ይህን ክስ ጨርሳ አስቀርታለች። ስለዚህ እንግሊዛውያን ጥንዶችን ባሕር ማሻገር አሳማኝ መውጫ ነው፤ ነገር ግን ከ1803 እስከ 1814 ሁለቱ አገሮች ይዋጉ ስለነበር የጉዞው ዓመት በጥንቃቄ ይመረጥ።

ሌሎች መቼቶችም አሉ። የ1920ዎቹ በርሊን በሐኪሙ በማግኑስ ሂርሽፌልድ በ1919 የተከፈተው የጾታ ጥናት ተቋም፣ ፖሊስ የሚሰጠው የሌላውን ጾታ ልብስ የመልበስ ፈቃድ፣ በተቋሙ በቤት ሠራተኛነት ያገለገለችውና ቀዶ ሕክምና ያደረገችው ዶራ ሪሽተር ያሉበት ከተማ ነው፤ በግንቦት 1933 ናዚዎች ተቋሙን መዝረፋቸው ግን በታሪኩ ላይ አስቀድሞ ያንዣብባል። በሙጋል ነገሥታት ዘመን ሕንድ ደግሞ ሂጅራዎች፣ ማለትም ወንድ ተብለው ተወልደው በሴት ልብስና ስም በራሳቸው ማኅበረሰብ የሚኖሩ ሰዎች፣ በቤተ መንግሥት የታወቀ ስፍራ ነበራቸው፤ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት በ1871 በአዋጅ እየመዘገበ ያሳደዳቸው በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ የራሱ ሥርዓትና የራሱ የእናትና የልጅ ትስስር ስላለው፣ የለንደንን ሴራ በሕንድ ልብስ አልብሶ ማቅረብ አይገባም።

ስለ ገላና ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴትነት ሆርሞን ተለይቶ የታወቀው በ1929 ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረች ባለታሪክ ያላት ምላጭ፣ ዱቄት፣ ልብስና ልምድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከደረት ሥር የሚታሰረው ቀሚስ ወገብን አያሳይም፤ ከ1850ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጣው በብረት ቀለበት የተወጠረ ቀሚስ ደግሞ ቅርጹን ራሱ ይሠራል። መስታወት ፊት ቆማ በገላዋ የምታለቅስበት ትዕይንት ግን ይቅር፤ ብዙ ተጽፏል፣ ለፍቅሩም የሚጨምረው ነገር የለም። ይልቅስ አዲስ ጓንት ስታጠልቅ የሚሰማት ደስታ ይጻፍ።

ግሡ የሚናገረው

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ልዩ ኃላፊነትና ልዩ ዕድል አለው፤ ምክንያቱም ቋንቋችን በአብዛኛው ግሥ ጾታን ይናገራል። ተራኪው ባለታሪኳን ሁልጊዜ በሴት አንቀጽ ይተርካት፤ ወደ ልጅነቷ በምልሰት ሲሄድም እንኳ «ሮጠች፣ አለቀሰች፣ ተደበቀች» ይበል እንጂ ዘመኑ ወንድ ይላት ነበር ብሎ ወደ ወንድ አንቀጽ አይመለስ። በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ግን በምልልስ ውስጥ እንደየልባቸው ይናገሩ። አባቷ «መጣህ?» ሲላት ሞግዚቷ ግን በሹክሹክታ «መጣሽ?» ብትላት፣ አንባቢው ማን ወገኗ እንደሆነ ያለ አንዳች ማብራሪያ ይሰማዋል። የወንድ አንቀጹ መሣሪያ ስለሆነ በቁጠባ ይምጣ፤ አንድ ጊዜ በትክክለኛው ስፍራ ሲነገር ያቆስላል፣ በየገጹ ሲደጋገም ግን ስድቡ የመጽሐፉ የራሱ ይሆናል።

«እርስዎ» ደግሞ ጾታ አይለይም። በመኳንንት አዳራሽ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች በአክብሮት ሲነጋገሩ «እንዴት አደሩ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» እያሉ ምዕራፎችን ሊያሳልፉ ይችላሉ፤ ባለታሪኳ በዚህ አክብሮት ውስጥ ተጠልላ ትኖራለች። ከዚያ ወዳጇ ሁሉን ካወቀ በኋላ፣ አንድ ምሽት አክብሮቱን ትቶ «አንቺ» ቢላት፣ ያ አንድ ቃል የፍቅር ኑዛዜም የማንነት ምስክርነትም ይሆናል። ይህን ለውጥ በመጽሐፉ ውስጥ መቼ እንደሚመጣ ከመጀመሪያው አቅዶ መጻፍ ይጠቅማል፤ ከመሳሙ በፊት ቢመጣ እመርጣለሁ። ባለታሪኳ ራሷ ተራኪ ከሆነች ደግሞ በመጀመሪያው መደብ «መጣሁ፣ ወደድኩ» ስትል ግሡ ጾታ ስለማይናገር፣ ዓለም የሚጠራትና እርሷ ራሷን የምታውቅበት ርቀት በሌሎች ንግግር ብቻ ይገለጣል። «ትራንስጀንደር» የሚለው ቃል ከ1960ዎቹ ወዲህ የመጣ በመሆኑ በገጸ ባሕርያቱ አፍ አይግባ። እነርሱ «ሴት ነኝ» ቢሉ ይበቃል።

ወዳጇና የምስጢሩ ቀን

የወዳጁ ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ፣ ባለታሪኳን በመቀበሉ ብቻ የሚመሰገን ደግ ሰው ሆኖ ይቀራል። ይህ ትልቅ ድክመት ነው። ወዳጇ ወንድም ይሁን ሴት የራሱ ቁስል፣ የራሱ ምኞትና የራሱ ስሕተት ይኑረው፤ እርሷም እርሱን የምታድንበት፣ የምትነቅፈውና የምታስቀው ጊዜ ይኑር። ወዳጇ ሴት ከሆነች ዘመኑ ራሱ መንገድ ያሳያል፤ ኤሊነር በትለርና ሳራ ፖንሰንቢ ከአየርላንድ ሸሽተው ከ1780 ጀምሮ በዌልስ በላንጎለን አንድ ቤት ውስጥ በትለር በ1829 እስክትሞት ድረስ አብረው ሲኖሩ፣ የዘመኑ ታላላቅ ሰዎች ቤታቸውን ይጎበኙ ነበር።

ምስጢሩ የሚነገርበትን ትዕይንት በተመለከተ የምጠብቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። መናገሯን የምትመርጠው፣ ቀኑንና ቦታውን የምትወስነው እርሷ ትሁን፤ በሌላ ሰው ተጋልጣ ወይም ልብሷ ተቀዶ የሚታወቅበት ሴራ አንባቢን ለማስደንገጥ ሲባል ክብሯን ይገፍፋታል። ደግሞም ትዕይንቱ በመጽሐፉ ጡዘት ላይ ሳይሆን ወደ መካከሉ ይምጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ መጽሐፍ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ዓለምን አብረው የሚጋፈጡበት እንዲሆን ነው። ወዳጇ ዝም ሊል፣ ሊፈራ፣ ሞኛሞኝ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ ሰብዓዊ ነው። ቢጸየፋትና ቢመታት ግን በኋላ ምንም ያህል ቢጸጸት አንባቢው ይህን ሰው ባሏ እንዲሆን አይመኝም። ሥጋዊ ቅርበት ሲጻፍም ገላዋ በእርሷ ዓይንና በምትመርጠው ቃል ይገለጥ፤ ምን እንደምትወድ የምትናገርበት፣ ወዳጇም የሚሰማበት ይሁን።

ግጭትና ፍጻሜ

በዚህ ዓይነት መጽሐፍ የማስፈራሪያ ደብዳቤ የሚጽፍ ክፉ ሰው በጣም ይዘወተራል። ቢገባ ክልክል አይደለም፤ ዛቻው ዘመኑ የሚያውቀው ነውና። ነገር ግን ጫናው ከሥርዓቱ ሲመጣ ይበልጥ ይከብዳል። በ1866 በሜምፊስ ጥቁሮች ላይ ስለደረሰው ጥቃት ለአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ የመሰከረችው፣ ቀድሞ በባርነት የነበረችው ፍራንሲስ ቶምፕሰን፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ ነህ ተብላ ስትታሰር ጋዜጦች የቀድሞ ምስክርነቷን ሁሉ ውሸት ለማሰኘት ተጠቀሙበት። ሉሲ ሂክስ አንደርሰን ደግሞ በካሊፎርኒያ ኦክስናርድ ለዓመታት የታወቀች የምግብ ባለሙያና ግብዣ አሰናጅ ሆና ኖራ፣ በ1944 ወታደር ካገባች በኋላ በ1945 በጋብቻ ፈቃዷ ላይ በሐሰት ምላለች ተብላ ተፈረደባት፤ በችሎቱም የኖረችው የሆነችውን፣ ማለትም ሴትነቷን፣ እንደሆነ ተናገረች። በእነዚህ ሕይወቶች ውስጥ ጠላቱ አንድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅጽ፣ መሐላና ጋዜጣ ነው።

ደስተኛው ፍጻሜ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሠራ ግንባታ ነው። ጥንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ከተጋቡ ጋብቻው ሊፈርስ እንደሚችል ያውቃሉና ሌላ መሠረትም ይጣሉ፤ ስሟ በግልጽ የተጻፈበት ኑዛዜ፣ በእርሷ ስም የተያዘ ቤት፣ በታማኝ ጠበቃ እጅ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ደብሩን የሚያውቅና ለመመስከር የማይቸኩል ቄስ። በቤተ ክርስቲያን ካልተጋቡም በወዳጆቻቸው ፊት ቃል ይግቡ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን በሞሊ ቤቶች፣ ማለትም ወንድ የሚወዱ ወንዶች በሚሰበሰቡባቸው መጠጥ ቤቶች ውስጥ፣ የራሳቸውን ሠርግ የሚሠርጉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ነገሮች በመጨረሻው ምዕራፍ ድንገት እንዳይመጡ፣ ጠበቃውም ቄሱም አክስቲቱም ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምረው በንግርት ይግቡ።

ረቂቁ ሲያልቅ ከአንድ በላይ ትራንስጀንደር ሴቶች እንዲያነቡት ይደረግ፤ የጉልበታቸውም ዋጋ ይከፈላቸው። አስተያየቱ የሚጠየቀው ሴራው ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ነው፤ ከመታተሙ በፊት ባለው ሳምንት ሲሆን የሚታረመው ቃል ብቻ ነውና። ከመጽሐፉ በስተኋላም ጸሐፊው አጭር ታሪካዊ ማስታወሻ ይጨምር፤ የትኛው ሰው በእርግጥ የነበረ፣ የትኛው ሕግ መቼ የወጣ፣ የትኛው ደግሞ የራሱ ፈጠራ እንደሆነ ለይቶ ይጻፍ፤ በመዝገቡ ላይ በወንድ ስማቸው ብቻ የሰፈሩትን ሴቶችም ራሳቸው በመረጡት ስም ይጥራቸው።